እንከን አላቸው፣ ግን ይታያሉ፦ ሰባት አኒሜዎችን አወዳድሮ መምረጫ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ይዞ ቤት መጣ። «አኒሜ ጫንልኝ። ምርጥ ምርጡን ጨርሼዋለሁ» አለኝ፤ የጃፓን ካርቱን ማለቱ ነው። ከስራ መልስ ማታ ማታ አንድ ሁለት ክፍል አይቶ የሚተኛ ሰው ነው።

ምርጥ የሚባሉትን መጠቆም ቀላል ነው፤ ሁሉም የሚስማማባቸው አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ግን ግራ ያጋባል። አንዱ «ጊዜህን አታባክን» የሚለውን ሌላው ሦስቴ ደጋግሞ አይቶታል። ተመልካቾች የሚሰጡት ነጥብም ብዙ አይረዳም። ከአስር ስድስት ወይም ሰባት ያገኘ አኒሜ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ከዳር እስከ ዳር መካከለኛ ነው፤ በሳምንቱ ይረሳል። ሌላው ግማሹ ድንቅ፣ ግማሹ የተበላሸ ነው። ነጥቡ ሲደመርና ሲካፈል ሁለቱ አንድ ላይ ይቀመጣሉ።

እኔ ሁለተኛውን ዓይነት እወዳለሁ። እዚህ የማወዳድራቸው ሰባቱም ከዚያ ወገን ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የተጻፉት። የት ጋ እንደሚበላሹ እናገራለሁ። ማን እንደሚሞትና መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን አልናገርም።

መጀመሪያ መለኪያው

ጉድለት ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ አኒሜ ከመጀመሬ በፊት አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ጉድለቱ የት ጋ ነው? ታሪኩ ላይ፣ ገጸ ባህሪው ላይ፣ ስዕሉ ላይ ወይስ መጨረሻው ላይ? ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ለድብድቡ ብሎ የሚያይ ሰው የፍቅር ታሪኩ ቢላላ ግድ አይሰጠውም። ለገጸ ባህሪው ብሎ የሚያይ ግን የዋናው ልጅ ጠባይ በየሁለት ክፍሉ ሲቀያየር ይናደዳል። እንከኑ እናንተ የመጣችሁበትን ነገር ካልነካ፣ ለእናንተ እንከን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚበላሸው ከስንተኛው ክፍል ጀምሮ ነው? እዚያ ጋስ ማቆም ይቻላል? አንዳንዱ አኒሜ ከመበላሸቱ በፊት አንድ ዙር ይዘጋል። ሌላው ግን ጫፉ ላይ አንጠልጥሎ ይተዋችኋል።

ሦስተኛ፣ ምን ያስቆያል? ልጅ ሆነን በዲሽ ኤምቢሲ 3 ላይ በአረብኛ የተተረጎሙ የጃፓን ካርቱኖች እናይ ነበር። አብዛኞቻችን አንድ ቃል አይገባንም። ግን ከቲቪው ፊት አንነሳም ነበር። ስዕሉ፣ ሙዚቃውና «አሁን ምን ሊሆን ነው?» የሚለው ጉጉት ነበር የያዘን። ታሪኩ ቢበላሽም ሌላው ሊቆም እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ይመስለኛል።

አራተኛ፣ ዋጋው ስንት ነው? ገንዘቡን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሰዓትም ዋጋ ነው። አንድ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ይፈጃል። 12 ክፍል ማለት አምስት ሰዓት የማይሞላ፣ 25 ክፍል ደግሞ አስር ሰዓት ነው። ዳታም አለ። እኔ በ480 ጥራት የማወርዳቸው ፋይሎች ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ናቸው። በዚህ ሂሳብ አንድ ባለ 25 ክፍል አኒሜ ከሁለት ተኩል እስከ አራት ጊጋ አካባቢ ይበላል። በወርሃዊ ፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

አምስተኛ፣ ከማን ጋር ይታያል? ብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ ነው የምናየው። እናት ሻይ ይዘው ሲገቡ፣ ታናሽ እህት ጎን ስትቀመጥ የሚመጣው ትዕይንት ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ሶርድ አርት ኦንላይን (እ.ኤ.አ. 2012፣ 25 ክፍል)

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የዚህን ያህል የሚያጨቃጭቅ የለም። የሚያደንቁትም የሚጠሉትም እውነት አላቸው።

መጀመሪያ የመጀመሪያውን ክፍል እንይ። አስር ሺህ ሰዎች አንድ አዲስ ጌም ለመጫወት ጭንቅላታቸው ላይ ሄልሜት አጥልቀው ይገባሉ። በታሪኩ ውስጥ ቀኑ ህዳር 6 ቀን 2022 ነው፣ በፈረንጆቹ። ዋናው ልጅ ኪሪቶ ለአንድ አዲስ ተጫዋች ሜዳ ላይ የዱር አሳማ እንዴት እንደሚመታ ያሳየዋል። ያ ሰውዬ ክላይን ይባላል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ክላይን ያዘዘው ፒዛ ሊደርስ ስለሆነ መውጣት ይፈልጋል። ሜኑውን ይከፍታል። የመውጫው ቁልፍ የለም። ደግሞ ያያል። የለም። ከዚያ ደወል ይደወላል። ሁሉም ተጫዋች አደባባይ ላይ ይሰበሰባል። ሰማዩ ቀይ ይሆንና ፊት የሌለው፣ ካባ የለበሰ ግዙፍ ሰው ከላይ ይታያል። እዚህ የሞተ በእውኑም ይሞታል ይላቸዋል። መውጫው መቶውን ፎቅ መጨረስ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳቸው መስታወት ይሰጣቸዋል። መስታወቱን ሲያዩ የጌሙ ፊት ይጠፋና የራሳቸው ፊት ይወጣል።

ከዚህ የበለጠ መነሻ ያለው አኒሜ ብዙ አላውቅም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። መቶ ፎቅ ተብሎ ከተነገረን በኋላ፣ ሲወጡት የምናየው በጣም ጥቂቱን ነው። ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ፎቅ ያሳያል። ሦስተኛው ወራት ዘሎ ይጀምራል። ከዚያም እየዘለለ ይሄዳል። ምክንያቱ አኒሜው ከተሰራበት መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሬኪ ካዋሃራ የመጀመሪያውን ቅጽ የጻፈው በቀጥታ ወደ ታሪኩ ማብቂያ ተጠግቶ ነው። በመሃል ያሉት ሁለት ዓመታት በኋላ በአጫጭር ታሪኮች ነው የተሞሉት። አኒሜው እነዚያን በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ስለዚህ የተቆራረጠ ስሜት ይሰጣል።

ግን ከእነዚያ ቁርጥራጮች አንዱ ሦስተኛው ክፍል ነው። በገና ሌሊት የሚደርስ አንድ የድምፅ መልዕክት አለው። ያን ክፍል ብቻውን አጭር ፊልም ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ዋናው ስብራት 15ኛው ክፍል ላይ ነው። ታሪኩ ወደ ሌላ ጌም ይዛወራል። እስከዚያ ድረስ ከኪሪቶ እኩል ስትዋጋ የነበረችው አሱና ከዚያ በኋላ በወፍ ቀፎ ውስጥ ተዘግታ አዳኝ ትጠብቃለች። ክፉ የተባለው ሰውዬም ጥልቀት የለውም። ጾታዊ ትንኮሳ ያለባቸው፣ ለማየት የሚከብዱ ትዕይንቶችም አሉ። እኔ ይህን ክፍል ስመለከት የተናደድኩት ለአሱና ነው። ጥሩ ገጸ ባህሪ ነበረች።

መልካሙ ዜና 14ኛው ክፍል ላይ አንድ ሙሉ ዙር መዘጋቱ ነው። ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የዩኪ ካጂዩራ ሙዚቃ እስከመጨረሻው አብሮ ይሄዳል። እዚያ ጋ ያቆመ ሰው ጥሩ አኒሜ አይቷል።

ጊልቲ ክራውን (2011–2012፣ 22 ክፍል)

ይህ ለጆሮና ለዓይን ነው። ለአእምሮ ብላችሁ አትምጡ።

ዳይሬክተሩ ቴትሱሮ አራኪ ነው፣ ዴዝ ኖት የሚባለውን አኒሜ የሰራው። ሙዚቃው የሂሮዩኪ ሳዋኖ ነው። ሁለቱ ቀጥለው በ2013 አታክ ኦን ታይታን ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ እዚህ የምትሰሙት ድምፅ የት እንደሰማችሁት ታውቁታላችሁ። አታክ ኦን ታይታንን ከወደዳችሁ መነሻው እዚህ ይሰማል።

ሀሳቡ እንዲህ ነው። ሹ የሚባል ዓይናፋር ተማሪ አንድ ኃይል ያገኛል። እጁን ሰው ደረት ውስጥ ከቶ የዚያን ሰው ውስጠኛ ማንነት በመሳሪያ መልክ ያወጣል። ከአንዷ ትልቅ ሰይፍ ይወጣል። ከሌላዋ የሚፈውስ ፋሻ ይወጣል። ከአንዱ መቀስ፣ ከሌላው ካሜራ። ሰው ውስጡ ያለውን ነገር ወደ ዕቃ መለወጥ ለእኔ ግሩም ሀሳብ ነው። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሹ ከዘፋኟ ኢኖሪ ደረት ሰይፉን ሲስብ፣ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ተነስቶ ሲፈነዳ፣ ጸጉራችሁ ይቆማል።

ከዚያስ? ከዚያ ታሪኩ ብዙ ነገር ባንዴ መሆን ይፈልጋል። የወረርሽኝ ታሪክ ነው። የነጻነት ትግል ነው። የትምህርት ቤት ህይወት ነው። የሮቦት ጦርነት ነው። አንዱ ሳይበስል ሌላው ይጣዳል። ሹ ፈሪ ነበር፣ ጀግና ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። ለውጡ ሊያሳምን ይችል ነበር፣ ጊዜ ቢሰጠው። በሁለተኛው አጋማሽ ተማሪዎቹ በመሳሪያቸው ደረጃ የሚመደቡበት ጊዜ ይመጣል። ያ ሀሳብ ብቻውን አንድ ሲዝን ይችላል። በጥቂት ክፍል አልፈውት ሄዱ።

12ኛው ክፍል ላይ አንድ ዙር ይዘጋል። ማቆም የሚፈልግ እዚያ ያቁም። እኔ ግን በዚህኛው ጨርሱት እላለሁ። ሙዚቃው መጨረሻ ድረስ አይወርድም። የመክፈቻና የመዝጊያ ዘፈኖቹንም አትዝለሉ። በታሪኩ ውስጥ ኢኖሪ የምትዘፍንበት ባንድ ኢጎይስት ይባላል። ከአኒሜው ወጥቶ እውነተኛ ባንድ ሆነና እስከ 2023 ሰራ። አኒሜውን ራሱን ረስተው ዘፈኑን ግን ያልረሱ ብዙ ሰዎች አሉ።

አንድ ምክር፦ በስልክ ስፒከር አትዩት። ሄድፎን አድርጉ።

ቶኪዮ ጉል (2014፣ 12 ክፍል፤ ሁለተኛው ሲዝን 2015፣ 12 ክፍል)

ጉሎች የሰው ሥጋ ብቻ የሚበሉ ፍጡሮች ናቸው። ሌላ ምግብ አፋቸው ውስጥ ይበሰብሳል። ካኔኪ መጽሐፍ የሚወድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከአደጋ በኋላ የጉል አካል ይገጠምለታል። ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ጉል ይሆናል። ይርበዋል፤ የሚወደውን ምግብ ያዛል፤ መዋጥ አይችልም።

ከሰው ምግብ ለጉሎች የሚስማማቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡና። ይህን ሳይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሁሉን ነገር የተነጠቀ ልጅ ካፌ ገብቶ፣ ሽማግሌው ቡና አፍልቶ ሲሰጠውና ጣዕሙ እንደ ድሮው ሆኖ ሲያገኘው፣ የኛ አገር ተመልካች የዚያን ትዕይንት ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ጉሎቹ የሚሰባሰቡት በዚያ ካፌ ነው። ቡና እየጠጡ ነው ሰው መስለው የሚኖሩት።

የመጀመሪያው ሲዝን ጉድለት ጥድፊያ ነው። ሱይ ኢሺዳ በ14 ቅጽ የጻፈውን ማንጋ (የጃፓን የስዕል ታሪክ መጽሐፍ) ግማሽ ያህሉን በ12 ክፍል ጨርሶታል። ገጸ ባህሪያት ይመጣሉ፣ ስማቸውን ሳትይዙ ይሄዳሉ። ግን ስሜቱ አይጠፋም። 12ኛው ክፍል ደግሞ ከረጅም ጊዜ በኋላም ከዓይን አይጠፋም። ማሰቃየት አለበት፤ ለልጅ አይሆንም።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ነው ውሉ የሚጠፋው። ከማንጋው ተነጥሎ ሌላ መንገድ ይይዛል። ካኔኪ አንድ ትልቅ ውሳኔ ይወስናል። ለምን እንደወሰነ ግን በቂ ምክንያት አይሰጠንም። ዋናው ሰው ዝም ይላል፤ እኛም ከውጭ ቆመን እናያለን። እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፦ 12ቱን ክፍል እዩ፣ ከዚያ ማንጋውን ከመጀመሪያው አንብቡ። ከዳታም አንጻር የማንጋ ገጽ ከቪዲዮ በብዙ ይቀላል።

ዳርሊንግ ኢን ዘ ፍራንክስ (2018፣ 24 ክፍል)

ይህ ከማንጋ የመጣ አይደለም። ሁለት ስቱዲዮዎች፣ ትሪገርና ኤ-ዋን ፒክቸርስ፣ አብረው የፈጠሩት ነው። ወላጅ የማያውቁ ልጆች ወንድና ሴት እየሆኑ በጥንድ ግዙፍ ሮቦት ያንቀሳቅሳሉ። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ለራሳቸው ስም የሚያወጡት ከቁጥራቸው ነው። 015 የሆነችው ኢቺጎ ትባላለች፤ በጃፓንኛ ኢቺ አንድ፣ ጎ አምስት ነው። 056 ደግሞ ጎሮ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ስለ ልጆቹ ብቸኝነት ከረጅም ንግግር በላይ ትናገራለች።

እስከ 15ኛው ክፍል ድረስ እውነተኛ ጥሩ አኒሜ ነው። 13ኛው ክፍል ስለ አንድ የልጆች የስዕል መጽሐፍ ነው። የሁለቱ ዋና ልጆች፣ የሂሮና የዜሮ ቱ ታሪክ የት እንደጀመረ ያሳያል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እንባ የሚያስመጣ ክፍል ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

20ኛው ክፍል ላይ ግን ድንገት አዲስ ጠላት ከላይ ይወርዳል። እስከዚያ ስለ ማደግ፣ ስለ መውደድ፣ በትልልቅ ሰዎች ስለ መበደል የነበረው ታሪክ የጠፈር ጦርነት ይሆናል። ትልቁ ጉድለት ታሪኩ መስፋቱ አይደለም። ከልጆቹ ላይ ዓይኑን ማንሳቱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጆቹ ሮቦቱ ውስጥ የሚቀመጡበት አቀማመጥ አሳፋሪ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ታሪኩም ስለ ጾታ ያወራል። ሳሎን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ለማየት አይመችም። ለብቻ እዩት።

ሚራይ ኒኪ (2011–2012፣ 26 ክፍል)

ይህ ለማይተኛ ሰው ነው። «አንድ ክፍል ብቻ» ብላችሁ ጀምራችሁ ሌሊቱ ይነጋል።

አስራ ሁለት ሰዎች የወደፊቱን የሚናገር ማስታወሻ ደርሷቸዋል። የመጨረሻው የቀረ አምላክ ይሆናል። ማስታወሻው ከተሰበረ ባለቤቱ ይሞታል። ዩኪ ስልኩ ላይ በአካባቢው የሚያየውን ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ልጅ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሌላውን ሁሉ ወደፊት ይነግረዋል፤ የራሱን ግን አይነግረውም። ዩኖ የምትባለው ልጅ ስልኳ ላይ በየአስር ደቂቃው የምትጽፈው ስለ ዩኪ ብቻ ነው። እሱ የጎደለው እሷ ጋ አለ። ስለዚህ ከሚያስፈራው ሰው መሸሽ አይችልም። የዚህ አኒሜ ሞተር ይህ ነው። በጣም ጥሩ ሞተር ነው።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ሰዎቹ የማይሆን ውሳኔ ይወስናሉ። ህጎቹ ለታሪኩ እንዲመቹ ይጣመማሉ። ዩኪ ብዙ ያለቅሳል። ግን ፍጥነቱ ለመናደድ ጊዜ አይሰጣችሁም። ደምና ጾታዊ ጥቃት ስላለበት ለአዋቂ ብቻ ነው። መሃል ላይ ማቆም አይቻልም፤ መልሱ ሁሉ መጨረሻው ላይ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ በ2013 የወጣ ሪዳያል የሚባል አንድ ተጨማሪ ክፍል አለ። እሱን ካላያችሁ ጨርሳችኋል አልልም።

አካሜ ጋ ኪል (2014፣ 24 ክፍል)

አጭር ልበል፤ አኒሜውም ቀጥተኛ ነው። ታትሱሚ የሚባል የገጠር ልጅ ሰርቶ መንደሩን ሊረዳ ወደ ዋና ከተማ ይመጣል። ደግ ቤተሰብ ያስጠጋዋል። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አንድ መጋዘን ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ማንንም አታምኑም።

ክፉዎቹ ያለምክንያት ክፉ ናቸው። ቀልዱ ከደሙ አጠገብ ተቀምጦ አይጥምም። ማንጋው ሳያልቅ ስለተሰራ ከመሃል በኋላ የራሱን ፍጻሜ ፈጥሯል። ግን ማንም ሰው በማንኛውም ክፍል ሊሞት ስለሚችል ድብድቡ ሁሉ ያስጨንቃል። ጀግናው እንደሚያሸንፍ እያወቁ ማየት ለሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፌሪ ቴይል (2009–2019፣ 328 ክፍል)

ረጅም ነው። በ24 ደቂቃ ስናባዛው ወደ 131 ሰዓት ይመጣል። በቀን ሁለት ክፍል ብታዩ አምስት ወር ተኩል ገደማ ነው።

ጉድለቱን ለመናገር አኒሜውን መጨረስ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው ሃምሳ ክፍል ውስጥ ይገባችኋል። ዋናው ልጅ ናትሱ ይወድቃል። ጓደኞቹን ያስባል። ይነሳል። ያሸንፋል። ይህ ይደጋገማል። ሞተ የተባለው ይመለሳል። የሴቶቹ አለባበስም ከልክ በላይ ነው።

ታዲያ ለምን ይታያል? ቤት ስላለው። ፌሪ ቴይል የአንድ ማኅበር ስም ነው፣ የአስማተኞች። አዳራሻቸው ውስጥ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ወንበር ይወራወራሉ፣ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሳሉ። ቀን ከስራ ተናዶ የመጣ ሰው ማታ እዚያ አዳራሽ መግባት ያስደስተዋል። የያሱሃሩ ታካናሺ ሙዚቃ ደግሞ ዋሽንትና ሮክ አንድ ላይ ነው፤ ገና ሲጀምር ልብ ያሞቃል። በአስማት ውድድሩ ላይ አንድ ቦታ አለ። ተወዳዳሪዎቹ ከመቶ ጭራቆች መሃል ስንቱን መግጠም እንደሚፈልጉ እንዲመርጡ ይባላሉ። የፌሪ ቴይሏ ኤርዛ ትራመድና «መቶውንም» ትላለች። ቀድሞ መገመት ይቻላል። ቢሆንም ስታዩት ከመቀመጫችሁ ትነሳላችሁ።

ሁሉንም ማየት የለባችሁም። ከ125 እስከ 150 ያሉት ክፍሎች ማንጋው ውስጥ የሌሉ ፊለር ናቸው፤ ዝለሏቸው። ይህ ዘዴ ለሌሎች ረጅሞችም ይሰራል። የመጀመሪያው ናሩቶ 220 ክፍል አለው፤ ከ136ኛው በኋላ ያለው በአብዛኛው ፊለር ነው። ድራጎን ቦል ዚ ላይ ፕላኔቷ በአምስት ደቂቃ ትፈነዳለች ይባልና ያ አምስት ደቂቃ ወደ አስር ክፍል ይፈጃል። ለእሱ ተቆርጦ የተስተካከለው ካይ የሚባለው ቅጂ ከ2009 ጀምሮ ወጥቷል። ሰዓት ለሌለው ሰው ካይ ይሻላል።

ያላስገባሁት

ጉድለት ያለበት ሁሉ ይታያል ማለቴ አይደለም። የፕሮሚስድ ኔቨርላንድ ሁለተኛው ሲዝን (2021) ለምን እንደሌለ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የ2019ኙ የመጀመሪያ ሲዝን ድንቅ ነው፤ 12ቱም ክፍል። ሁለተኛው ግን የማንጋውን ትልልቅ ምዕራፎች ዘሎ፣ መጨረሻውን በተደረደሩ ስዕሎች አሳልፎታል። እዚያ ጉድለቱ የነካው ሰው የመጣበትን ነገር፣ ጭንቀቱንና ብልሃቱን ነው። ምንም የሚያስቆይ አልተረፈም። የመጀመሪያውን እዩና ማንጋውን አንብቡ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አኒሜ | ክፍል | ሰዓት | የሚበላሽበት | የሚያስቆየው | ከማን ጋር |
|---|---|---|---|---|---|
| ሶርድ አርት ኦንላይን | 25 | 10 | ከ15 ጀምሮ | መነሻው፣ ሙዚቃው | እስከ 14 ከጓደኛ ጋር፣ ከዚያ ለብቻ |
| ጊልቲ ክራውን | 22 | 9 ገደማ | ከ13 በኋላ | ሙዚቃው፣ ስዕሉ | ለብቻ፣ በሄድፎን |
| ቶኪዮ ጉል | 12 + 12 | 5 + 5 | ሁለተኛው ሲዝን | ስሜቱ፣ ካኔኪ | ለአዋቂ |
| ዳርሊንግ ኢን ዘ ፍራንክስ | 24 | 9 ተኩል | ከ20 ጀምሮ | ልጆቹ፣ ፍቅሩ | ለብቻ |
| ሚራይ ኒኪ | 26 | 10 ተኩል | ከመጀመሪያው፣ በየቦታው | ፍጥነቱ፣ ዩኖ | ለአዋቂ ብቻ |
| አካሜ ጋ ኪል | 24 | 9 ተኩል | ከመሃል በኋላ | የማይታወቅ ዕጣ | ለአዋቂ |
| ፌሪ ቴይል | 328 | 131 | መደጋገሙ | ጓደኝነቱ፣ ሙዚቃው | ከጎረምሳ ታናሾች ጋር |

ለማን የቱ?

ዳታችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ካላችሁ፣ የቶኪዮ ጉል የመጀመሪያውን ሲዝን ያዙ። አምስት ሰዓት አይሞላም። ከአንድ ጊጋ ትንሽ በላይ እስከ ሁለት ጊጋ ባልሞላ ይገባል።

አኒሜ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልታስጀምሩ ከሆነ የሶርድ አርት ኦንላይን የመጀመሪያ ክፍል ከሁሉም ቶሎ ይይዛል። ጌም የሚጫወት ሰው ከሆነማ ሌላ አትፈልጉ።

ሙዚቃ የምትወዱ፣ ታሪክ ቢላላ የማይከፋችሁ፣ ጊልቲ ክራውን የእናንተ ነው። በሌላ በኩል፣ ጀግናው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሁልጊዜ የምትጠይቁ ከሆናችሁ ተዉት። ትበሳጫላችሁ።

የፍቅር ታሪክ ፈላጊ ዳርሊንግ ኢን ዘ ፍራንክስን ይይ። 15ኛው ክፍል ላይ አንድ ቀን እረፍት አድርጉ። ያ ስሜት ትንሽ አብሯችሁ ይቆይ።

ፈተና ያለባችሁ ተማሪዎች ሚራይ ኒኪን አሁን አትጀምሩ። እውነቴን ነው። ፈተናው ሲያልቅ ይደርሳል።

አካሜ ጋ ኪል በድብድብ አኒሜ ለሰለቹ ነው፤ ፌሪ ቴይል ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያዩት ለሚፈልጉ። ከምሳ በኋላ አንድ፣ ከመተኛት በፊት አንድ። ማንጋው በ63 ቅጽ ስላለቀ ታሪኩ ዳር ሳይደርስ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ።

ጓደኛዬ ማታ ደክሞት ነው የሚያየው፤ ፍላሹ ላይም ብዙ ቦታ አልነበረም። የሶርድ አርት ኦንላይንን 14 ክፍል ጫንኩለት። የቀሩትን 11 ክፍሎች ለብቻቸው ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የፎልደሩን ስም «ለአሱና ካልተናደድክ» ብዬ ጻፍኩበት። ትናንት ደውሎ ሦስተኛው ክፍል ላይ እንደደረሰ ነገረኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።